ልጅ በራሱ አልጋ እስኪነጋ እንዲተኛ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ የባዶ እግር ኮቴ ይሰማል። በሩ ሲጥ ይላል፣ ብርድ ልብሱ በአንድ ወገን ይገለጣል፣ ከዚያ እንደ በረዶ የቀዘቀዘች ትንሽ እግር ጭኔ ላይ ትለጠፋለች። «እማ፣ ጠጋ በይልኝ።» ጠጋ እላለሁ። እሱ መሀል ገብቶ ተንፈላስሶ ይተኛል፤ እኔና አባቱ ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥለን እናነጋለን። ልጄ 4 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሌሊታችን ይኸው ነበር። እዚህ እንጅባራ ከጎረቤት እናቶች ጋር ቡና ስንጠጣ ወሬውን ሳነሳው «የእኔም ያው ነው» ያላለችኝ የለችም።

ነገሩ በሽታ አይደለም። እኛም ያደግነው ከእናታችን ጎን፣ ጡት ስንጥል ደግሞ ከአያታችን ወይም ከታላላቆቻችን ጋር በአንድ ጋቢ ሥር ነው። መደብ ላይ አጎዛ ተነጥፎ ሦስት አራት ልጅ ራስና እግር ሆኖ ሲተኛ አንዱ ሌላውን ያሞቀው ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ላለ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በብዙ የዓለም ክፍልም ልጅ የሚያድገው ከወላጁ ጋር እየተኛ ነው።

የውጭዎቹ ባለሙያዎችም ቢሆኑ በአንድ ቃል አልተስማሙም። በ1985 እ.ኤ.አ. የቦስተኑ የሕፃናት ሐኪም ሪቻርድ ፈርበር ስለ ልጆች እንቅልፍ ያሳተሙት መጽሐፍ በአሜሪካ እጅግ ብዙ ወላጅ ዘንድ ደረሰ፤ ልጅ ለብቻው እንቅልፍ መያዝን መልመድ አለበት የሚል ነበር። በሌላ ወገን የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲው አንትሮፖሎጂስት ጄምስ ማኬና እናትና ጨቅላ ጎን ለጎን ሲተኙ ሌሊቱን እየተከታተሉ አጠኑና፣ መቀራረቡ የሰው ተፈጥሮ ነው ብለው ተሟገቱ። ፈርበር ራሳቸው በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት አዲስ እትም የቀድሞ ቃላቸውን አለዝበው፣ ቤተሰቡ ፈቅዶ የመረጠው ከሆነ አብሮ መተኛትም እንደሚሠራ ተቀብለዋል።

ስለዚህ አብራችሁ ተኝታችሁ ሁላችሁም ዕረፍት የምታገኙ ከሆነ ማንም «ለዩት» ሊላችሁ አይገባም። ይህን የምጽፈው ዕረፍት ላጡት ነው። ነፍሰ ጡር ሆና ሌሊቱን ሙሉ በሕፃን ተረከዝ ለምትመታ፣ ጠዋት ሥራ ላይ ዓይኗ ለሚከደንባት፣ ልጇ ኬጂ ገብቶ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ለሚያንቀላፋባት። ዕድሜውንም ልብ በሉ። አንድ ዓመት ላልሞላው ጨቅላ ይህ ጽሑፍ አይሆንም። እሱ ከእናቱ ክፍል መራቅ የለበትም፤ ሌሊት ይጠባል፣ መጥባትም አለበት። ሲተኛ በጀርባው ይተኛ፣ ራሱ ሥር ትራስ፣ ፊቱ አጠገብ ለስላሳ ጋቢና ብርድ ልብስ አይኑር። ጠላ ወይም አረቄ የቀመሰ፣ ወይም በሕመምና በመድኃኒት የደነዘዘ ሰው አጠገቡ አይተኛ። በሰመመን ውስጥ ሆኖ ልጅ ላይ መጫን በየመንደሩ የሚታወቅ ሐዘን ነው። በእኔ ግምት ልጅን ወደ ራሱ አልጋ ለማውጣት ጥሩው ጊዜ ከሦስት ዓመት ወዲያ፣ ነገር ሲነግሩት ገብቶት መልስ መስጠት ሲጀምር ነው።

ልጁ ለምን እንደሚመጣ ለመረዳት እንቅልፍ እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ ይረዳል። እንቅልፍ ከምሽት እስከ ንጋት አንድ ወጥ አይደለም። ይጠልቃል፣ ይሳሳል፣ ተመልሶ ይጠልቃል። በጨቅላ ልጅ አንዱ ዙር ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ እያደገ ሲሄድ ይረዝምና እንደ ዐዋቂው ወደ 90 ደቂቃ ይጠጋል። በዙሩ መጨረሻ ላይ ሁላችንም ለአፍታ ብቅ እንላለን። ትራሱን አገላብጠን፣ ብርድ ልብሱን ስበን፣ ጎን ቀይረን እንቀጥላለን፤ ጠዋት ትዝ አይለንም። ጥልቁ እንቅልፍ የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስለሆነ፣ ከእኩለ ሌሊት ወዲያ ስሱ ይበዛል፣ መባነኑም አብሮ ይበዛል። የልጆች መንገድ 8፣ 9 እና 10 ሰዓት ላይ የሚደምቀው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ልጁም እንደ እኛ ብቅ ይላል። ብቅ ሲል ሁሉም ነገር ሲተኛ እንደነበረው ከሆነ ተመልሶ ይሰምጣል። ካልሆነስ? ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ስትመጡ ደጀን ላይ ዓይናችሁን ከድናችሁ ቲሊሊ ላይ ብትነቁ የመጀመሪያ ሥራችሁ ምንድን ነው? ቀና ብላችሁ በመስኮት ማየት ነው። የት ደረስኩ፣ ሻንጣዬ አለ ወይ፣ አጠገቤ የነበረው ሰው የት ወረደ? እስኪጣራላችሁ ድረስ እንቅልፍ አይመለስም። ልጁም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

አሁን የእኛን ቤት ምሽት አስቡት። እራት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይቀርባል። ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ ጎረቤት ገብቶ ጨዋታ ይዟል። ልጁ እናቱ ጭን ላይ ዓይኑን ያሻል፣ ይነጫነጫል፣ በመጨረሻ እንቅልፍ ይጥለዋል። 3 ሰዓት ተኩል ላይ አባቱ አቅፎ ይወስድና የራሱ አልጋ ላይ ያስተኛዋል። ሁሉም ደስ ይለዋል። ልጁ ግን የተኛው መብራት በርቶ፣ ሰው እየሳቀ፣ የእናቱ ሆድ ጆሮው ላይ እየሞቀው ነበር። 9 ሰዓት ላይ ብቅ ሲል ጨለማ ነው፣ ጸጥታ ነው፣ ትራሱ ቀዝቃዛ ነው። እናቱ የለችም። አጠገቡ ተጋድማ እሹሩሩ ብላ አስተኝታው ቀስ ብላ ሾልካ የወጣችው እናትም የምትፈጥረው ይህንኑ ነው። ከጎኑ የነበረ ሰው ጠፍቶበታልና ፍለጋ ይነሳል።

ስለዚህ እኔ 9 ሰዓት ላይ እታገለው የነበረውን ነገር መታገል የነበረብኝ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ነበር። ልጁ ነቅቶ ሳለ አልጋው ላይ ይውጣ፤ እንቅልፍ የሚወስደውም እዚያው፣ ሌሊት በሚያገኘው ጨለማና ጸጥታ ውስጥ ይሁን። የቀረው ምክር ሁሉ ይህን ለማሳካት ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለው ደግሞ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት፤ የቀን እንቅልፉም በዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ልጃችሁ ለኬጂ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሳ ከሆነና ቀን የማይተኛ ከሆነ፣ 11 ሰዓት ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ትደርሳላችሁ። ከራታችን ሰዓት ይቀድማል። እኛ ቤት የልጁን እራት ለብቻ ወደ 12 ሰዓት ተኩል ማምጣት ግድ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ከቤተሰብ ማዕድ የለየሁት መስሎኝ ከብዶኝ ነበር፤ ግን 3 ሰዓት ላይ እያንጎላጀ ከሚጎርሰው ይልቅ በጊዜ የበላው ይበልጥ ጠረቃ። በየቀኑ 1 ሰዓት ተኩል ማለት ላይሆን ይችላል፤ 2 ሰዓትም ቢሆን ዋናው በየቀኑ ያው መሆኑ ነው።

ቡናውንም አስቡበት። ማታ ቡና ሲፈላ ልጆች አጠገብ ተቀምጠው «ለእኔም» ይላሉ፤ በረካዋ ቀጭን ናት እየተባለ በስኳር ይሰጣቸዋል። ሻዩም እንዲሁ። በቡናና በሻይ ውስጥ ያለው ካፌይን ከዐዋቂ ሰው ደም ውስጥ ግማሹ ለመውጣት ብቻ 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ በትንሽ ገላ ላይ ሲሆን ደግሞ ሲኒዋ ትንሽ አይደለችም። ልጁ ማታ ወተት ወይም ሙቅ ውሃ ይጠጣ። ሞባይሉም ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ከእጁ ይውጣ። ብርሃኑ አእምሮውን ገና ቀን ነው እያለ ያታልለዋል።

ከዚያ ምሽቱ ቅደም ተከተል ይኑረው። እግሩን በለብታ ውሃ መታጠብ፣ ሽንት፣ የሌሊት ልብስ፣ አልጋ፣ አንድ ተረት፣ ጸሎት፣ መብራት ማጥፋት። ተረቱ አንድ ብቻ ይሁን፣ «አንድ ጨምሪልኝ» ሲላችሁም አንድ ይሁን። መብራት የሚጠፋበት ምሽት ብዙ ስለሆነ ቅደም ተከተሉ በአምፖል ላይ ባይመሠረት ጥሩ ነው። ሻማ ግን ተኝቶ ያለ ልጅ አጠገብ በርቶ አይደር።

ስለ አልጋው ጥቂት ላቁምና ልናገር፤ እኛ ጋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አገራችን የራሷ የሆኑ ሁለት የቀርከሃ ዓይነቶች አሏት፣ የደጋውና የቆላው። የደጋው ቀርከሃ እኛ ባለንበት በአዊ ዞን ሞልቷል። በእንጅባራ ዋናው መንገድ ዳር ወንበሩ፣ መደርደሪያው፣ አልጋው ተደርድሮ ይሸጣል። ለልጅ የሚሆን አነስተኛ አልጋ አስለክቶ ማሠራት ይቻላል። ዝቅ ያለ ይሁን፤ ልጁ ራሱ የሚወጣበትና የሚወርድበት፣ ተንከባሎ ቢወድቅ የማይጎዳው። ስንጣሪ እንዳይወጋው ጠርዙን በእጃችሁ ዳስሳችሁ ግዙ። አባቱ ልጁን ይዞት ሄዶ ነበር። ቀርከሃው ሲሰነጠቅ፣ ሲታጠፍ ቆሞ ያየው ልጅ አልጋው ሲመጣ «የእኔ» ለማለት ማንም አላስተማረውም።

ይሁን እንጂ የቀርከሃ አልጋ ወለሉ ክፍት ክፍት ነው። ስስ የስፖንጅ ፍራሽ ስታነጥፉበት ብርዱ ከሥር ይገባል። እኔ ላይ ላዩን ብርድ ልብስ እደራርባለሁ፣ ልጁ ደግሞ ይገፈዋል። የሰው ገላ ሙቀት በጣም የሚወርደው ሊነጋ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው ነው። ያንን ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ካለው የእንጅባራ ውርጭ ጋር ስታጋጥሙት ልጁ ወደ እናቱ የሚሮጠው ፍቅር ብቻ ጎድሎት እንዳልሆነ ይገባችኋል። በርዶታል። መፍትሔው ከላይ መደራረብ ሳይሆን ከሥር መሙላት ነው። ከፍራሹ በታች ካርቶን ወይም ሰሌን፣ ከፍራሹ በላይ አጎዛ ወይም የታጠፈ ጋቢ፣ እግሩ ላይ ካልሲ፣ ቢገፈውም የማይቀዘቅዝበት ወፍራም ሙሉ ልብስ። ይህ ሁሉ ዓመት ላለፈው ልጅ ነው፤ ጨቅላ ሥር ለስላሳ ነገር አይነጠፍም።

በቀርከሃው ስንጥቅና ክፍት አፍ ውስጥ ትኋን ይደበቃል። ሌሊት እየተነሳ የሚያክ ልጅ ካላችሁ በባትሪ መጋጠሚያዎቹን ፈትሹ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ እሱ ነው። አልጋውን ወደ ውጭ አውጥታችሁ የፈላ ውሃ በየስንጥቁ አፍስሱ፣ አንሶላውንም ቀቅላችሁ እጠቡ። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ከሳምንት በኋላ ይደገም።

ስለ ብርድ ካነሳሁ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በአካባቢያችን ወረዳዎች፣ በፋግታ ለኮማና በባንጃ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል እያከሰለ ይሸጣል፤ ከሰል እጃችን ላይ ነው። ልጁ እንዳይበርደው ብሎ ፍም የሞላ ማንደጃ መኝታ ክፍል አስገብቶ በር መዝጋት ግን ሞት መጋበዝ ነው። ከሰሉ ጢስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ቀምቶ ይይዛል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ያልፋል። ክፍሉን ማሞቅ ካስፈለገ ልጁ ሳይገባ በርና መስኮት ከፍታችሁ አሙቁት፤ ከዚያ ማንደጃውን ፍም እንዳለ ወደ ውጭ አውጡት። «አመድ ሆኗል» ብላችሁ አትተዉት። ልጁ ካልሞቀው ከእናንተ ጋር ይተኛ፤ ይህን ሁሉ ምክሬን ተዉትና እሱን አዳምጡ።

አሁን ወደ ምሽቱ ልመለስ። ልጁ ነቅቶ አልጋው ላይ ወጥቷል፤ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? በሩን ዘግቶ እስኪደክመው ይጩህ የሚል መንገድ አለ፤ እኔ አልወደድኩትም፤ ቤታችንም ግድግዳው ስስ ነው። አማቴ በዚያው ሰሞን እኛ ጋ ነበሩ። የማደርገውን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ።

«ልጁን በጨለማ አስለቅሰሽ ምን ታተርፊያለሽ?»

«አላስለቅሰውም እማማ፤ አጠገቡ ነኝ። ለሁለት ሳምንት ብቻ ይቻሉኝ።»

ለጊዜው ዝም አሉ። ማታ ላይ ግን ከሚተኙበት መደብ ላይ አጎዛቸውን ገፈው አምጥተው የልጁ ፍራሽ ላይ አነጠፉት። «እንግዲህ ቢያንስ አይብረደው» አሉ።

ያደረግኩት እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ምሽቶች አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እጄን ደረቱ ላይ አሳረፍኩ። አልተጋደምኩም፤ ከተጋደምኩ እኔም እተኛለሁ። በቀጣዮቹ ሦስት ምሽቶች ዱካ አምጥቼ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ፤ እጄን አነሳሁ፣ ድምፄ ግን አለ። ቀጥሎ ዱካውን ወደ ክፍሉ መሀል፣ ከዚያ ወደ በሩ፣ ከዚያ ከበሩ ውጭ ወሰድኩት። በየደረጃው ሦስት ምሽት ያህል ቆየሁ። ሲያወራኝ «ተኛ የኔ ልጅ፣ እዚህ ነኝ» ብቻ እላለሁ፤ ጨዋታ የለም። አሰልቺ መሆን ያስፈልጋል። አንድ ምሽት ላይ ዱካው ከበሩ ውጭ ሆኖ ሳለ «እማ፣ አለሽ?» አለኝ፤ «አለሁ» አልኩት፤ ደግሞ ሳይጠይቀኝ ተኛ።

ሌሊት ተነስቶ ሲመጣስ? እጁን ይዛችሁ መልሱት። ሳትቆጡ፣ ሳታባብሉ፣ መብራት ሳታበሩ፣ ተረት ሳትጨምሩ አስተኝታችሁ ውጡ። እንደገና ይመጣል፤ እንደገና መልሱት። ብዙ ወላጅ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፣ እኔም ወድቄአለሁ። አራት ጊዜ መልሼው አምስተኛው ላይ ደክሞኝ «በቃ ና ግባ» አልኩት። ለእኔ የተሸነፍኩባት አንዲት ሌሊት ናት፤ እሱ ግን አምስት ጊዜ ከመጣሁ ይገባልኛል ብሎ ተማረ። በነጋታው አራቱን ጉዞ በደስታ ነው የተመላለሰው። አንዳንዴ እየሰጡ አንዳንዴ መከልከል ሁልጊዜ ከመስጠትም የባሰ ያጸናዋል። ስለዚህ ጽናቱ ከሌላችሁ፣ ለምሳሌ ሰሞኑን ሥራ የበዛባችሁ ከሆነ፣ አትጀምሩት። በጀመራችሁ በሁለተኛው በሦስተኛው ሌሊት ይብስባችኋል፤ ልጁ የድሮው ለምን እንደማይሠራ እየፈተነ ነው። ከሳምንት ወዲያ መርገብ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ እናትና አባት አንድ ቃል መሆን አለባቸው፤ አባት በሚያድርበት ሌሊት አባት ይነሳ።

ሰበብ ለሚያበዛ ልጅ አንድ ዘዴ አለ። ውሃ፣ ሽንት፣ ደግሞ ውሃ፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ»። ከደብተር ሽፋን ቁራጭ ካርድ ቆርጣችሁ ስጡት። ካርዷ ለአንድ ጊዜ መውጫ ናት። ከተኛ በኋላ ለፈለገው ነገር አንድ ጊዜ ይዟት ይመጣል፣ ካርዷን ይሰጣችኋል፣ ተመልሶ ይተኛል፤ ሌላ የለም። ልጄ በመጀመሪያው ሳምንት በየማታው ተጠቅሞባታል። በሁለተኛው ትራሱ ሥር አድርጎ ማስቀመጥ ጀመረ፤ ቆጥቧት ነው። መውጣት እንደሚችል ማወቁ ብቻ አረጋጋው።

ፍርሃቱን ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንዘራው እኛ ነን። «ተኛ፣ ጅቡ መጣ!» ያላልን ማን አለ? እንጅባራ ውስጥ ይህ ተረት አይደለም። ሌሊት ጅቡ እውነት ይጮኻል፣ ልጁም በጆሮው ይሰማዋል። ከሦስት ዓመት እስከ ስድስት ባለው ዕድሜ የልጅ ምናብ በጣም ይሰፋል፤ የሰማውንና ያሰበውን መለየት ገና አልቻለም። ምሽት ላይ ጅብ አስፈራርተን አስተኝተነው ሌሊት ጅብ ሲጮኽ «ምን ሆነህ መጣህ?» ማለት ፍርድ አይደለም። እኔ ማስፈራራቱን አቁሜ በቀን እውነቱን ነገርኩት። ጅቡ አለ፣ ውጭ ነው ያለው፣ ሲጮኽ ጓደኞቹን እየጠራ ነው፣ በራችን በመወርወሪያ ተዘግቷል። ከዚያ ማታ ማታ በሩን የሚዘጋው እሱ ሆነ። ወንበር ላይ ወጥቶ መወርወሪያውን ገፍቶ ይነካካዋል፣ «ተዘግቷል» ብሎ ይተኛል።

ቅዠትን በተመለከተ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ሁለቱን መለየት ብዙ ጭንቀት ያስቀራል። አንደኛው ክፉ ሕልም ነው። ሊነጋጋ ሲል ይበዛል፣ ልጁ ነቅቶ ያለቅሳል፣ ያውቃችኋል፣ ያየውን ይነግራችኋል። እቀፉት፣ አረጋጉት፣ እዚያው አልጋው ላይ ቆዩለት። ሁለተኛው በተኛ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚመጣ ነው። ልጁ ድንገት ተነስቶ ይጮኻል፣ ዓይኑ ፈጦ፣ ላብ አጥምቆት፣ ስትይዙት ይወራጫል፣ እናቱንም አያውቃትም። ያስደነግጣል፤ ለከፈው፣ ነገር አየ ይባላል። እሱ ግን ተኝቷል። ከጥልቁ እንቅልፍ ግማሹ ገላው ብቻ ተነስቶ ነው። ለመቀስቀስ አትታገሉት፣ ውሃም አትርጩበት፤ እንዳይወድቅና እንዳይጋጭ አጠገቡ ሁኑ። በጥቂት ደቂቃ፣ ቢረዝም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ራሱ ይረጋጋል፣ ጠዋት አንዱንም አያስታውስም። በእንቅልፍ እጦትና በትኩሳት ጊዜ ይበዛል፤ ሲያድግ አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል። ጸበል የምታጠጡት አጠጡት፤ በጊዜም አስተኙት።

አልጋ የሚያርስ ልጅ እርጥቡን ሸሽቶ ወደ እናንተ ይመጣል። ይህ ስንፍና አይደለም፣ እልህም አይደለም። የፊኛውና የአእምሮው ስምምነት ገና ስላልበሰለ ነው፤ እስከ 5 ዓመት እንደ ችግር አይቆጠርም፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ልጆች ይቆያሉ። መምታት፣ በወንድሞቹ ፊት ማሳፈር፣ አንሶላውን አሸክሞ ማስወጣት ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም። በቀን በደንብ ይጠጣ፣ ማታ ይቀንስ፣ ከመተኛቱ በፊት ይሽና። መጸዳጃ ቤቱ ጓሮ ከሆነ በሌሊት ብርድ ማንም ልጅ አይሄድም፤ ፖፖ አልጋው አጠገብ አኑሩለት። ፍራሹ ላይ ላስቲክ፣ ከላዩ አንሶላ፣ ሌላ ደረቅ አንሶላ በቅርብ። ለወራት ደርቆ ቆይቶ እንደገና ከጀመረ፣ ወይም ሲሸና ካመመው፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ጤና ጣቢያ የሚያስኬዱ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። በየሌሊቱ ጮክ ብሎ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ቆም እያለ የሚጀምር ልጅ ቶንሲሉ አብጦ ሊሆን ይችላል። ሌሊት ሌሊት መቀመጫውን የሚያክ ልጅ ቀጫጭን ነጭ ትሎች ይዘውት ይሆናል፤ ትሏ እንቁላል ለመጣል የምትወጣው ሌሊት ነው። በጣቶቹ መሀልና በእጅ አንጓው ላይ ሽፍታ ኖሮት ሲመሽ የሚብስበት ከሆነ እከክ ሊሆን ይችላል፤ እሱ አብሮ በመተኛት ስለሚተላለፍ አንዱን ልጅ ብቻ ማከም ከንቱ ነው፣ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን ይታከማል። እነዚህ ሳይፈተሹ ልጁን በማስለመድ ማድከም አይገባም።

ታናሽ ሊመጣ ከሆነ ቀድማችሁ አስቡበት። ልጁን በአራስ ቤት ዋዜማ ወይም ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ብታወጡት፣ አዲሱ መጥቶ ቦታዬን ቀማኝ ነው የሚለው፤ ልክም ነው። ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር ቀድሞ በራሱ አልጋ ይደላደል። አልጋው ግን የግድ ሌላ ክፍል አይሁን። ቤታችሁ አንድ ክፍል ከሆነ መጋረጃ ይበቃል። ከታላቅ እህቱ ጋር ወይም ከአያቱ ጋር ቢተኛም ሌሊቱን ሙሉ እስካደረ ድረስ እኔ የራሱ አልጋ እለዋለሁ።

ከዚያ ደግሞ እንግዳ ይመጣል። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲደርስ ከተማው ይሞላል፣ ዘመድ ከዳንግላና ከየገጠሩ ይገባል፣ የመጀመሪያዋ የምትለቀቀው አልጋ የልጁ ናት። «አንተ ዛሬ ከእማ ጋር» ይባላል። የአንድ ወር ልፋት በሦስት ሌሊት ሲፈርስ አይቻለሁ። ለእንግዳ አልጋ አይለቀቅ አልልም፤ እንግዳ እንግዳ ነው። ግን ለልጁ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ስንት ሌሊት እንደሆነ በጣቱ አስቆጥሩት፣ እንግዳው በሄደበት ዕለት ማታ አንሶላው ተቀይሮ ወደ ቦታው ይመለስ። ትኩሳትና ጉንፋን ሲይዘውም እንዲሁ ነው፤ ሲታመም አብሯችሁ ይተኛ፣ ሲሻለው ዱካውን ከመሀል ጀምሩት።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በአማራ የተኩስ ድምፅ እየሰሙ ያደሩ፣ ከቤታቸው የወጡ፣ ሰው ያጡ ልጆች አሉ። ለእነሱ ጊዜው ይህ አይደለም። ደንግጦ የሚባንን፣ ከእናቱ ቀሚስ የማይለይ፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ማራስ የጀመረ ልጅ ከሰው ጋር ይተኛ። የሚጠብቀውን ሰው በእጁ መንካት መቻሉ ያረጋጋዋል። ለሳምንታት ካልቀለለው የጤና ባለሙያ አማክሩ። አልጋው የትም አይሄድም።

የእኔ ልጅ አሁን 6 ዓመት ሊሞላው ነው። አብዛኛውን ሌሊት እስኪነጋ በአልጋው ያድራል። ሐምሌ ላይ ግን የእንጅባራ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበውና መብረቅ ሲያስተጋባ እንኳን እሱ እኔም አልተኛም። ለእንደዚያ ያለ ሌሊት የአያቱን አጎዛ ከአልጋችን ሥር አንጥፈናል፣ አንድ ጋቢም አጠገቡ አለ። ከእንቅልፋችን አይቀሰቅሰንም። ጠዋት ስነሳ እግሬን ወደ ወለል ከማውረዴ በፊት ጎንበስ ብዬ አያለሁ፤ አንዳንዴ እዚያ ተጠቅልሎ አገኘዋለሁ።